ፎቶግራፉ ማንን ያሳያል? ቁጥሩስ ማንን ይጠይቃል?

ዛሬ የምንነጋገረው ፎቶግራፍና ስታቲስቲክስ የሰውን ልብ አሸንፈው ለማኅበራዊ ለውጥ እንዴት እንደሚያነሣሡት ነው። በሬዲዮ ፎቶግራፍ ማሳየት ስለማይቻል ምስሎቹን በቃል እተርክላችኋለሁ፤ እናንተ በዐይነ ልቡናችሁ ተመልከቷቸው። የመጀመሪያው ከባድ ስለሆነ አጠገባችሁ ትንንሽ ልጆች ካሉ ለጥቂት ደቂቃ ራቅ እንዲሉ ብታደርጉ መልካም ነው።

አንድ ሰው በረንዳ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። የምናየው ጎኑን ነው። አንገቱን ደፍቶ ከፊቱ ወለሉ ላይ ያሉ ሁለት ትንንሽ ነገሮችን ይመለከታል። አያለቅስም፤ እጁንም አላነሣም። ሁለቱ ነገሮች የአምስት ዓመት ልጁ እጅና እግር ናቸው። ሰውየው ንሳላ ይባላል፤ ልጁ ደግሞ ቦአሊ ትባል ነበር።

ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ግንቦት 1904፣ ቦታው ኮንጎ ውስጥ ባሪንጋ የሚባል የሚስዮን ጣቢያ ነው። በዚያን ወቅት ኮንጎ የቤልጅየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ ዳግማዊ የግል ይዞታ ነበረች፤ የቤልጅየም መንግሥት እንኳ አያዝባትም። ንጉሡ አገሪቱን አንድም ቀን ረግጧት አያውቅም። ለመኪናና ለብስክሌት የሚሆን ጎማ በዓለም ገበያ በእጅጉ ይፈለግ ስለነበር፣ በየመንደሩ የጎማ ኮታ ተጣለ። ኮታውን ባላሟላ መንደር ላይ የጎማ ሰብሳቢ ኩባንያዎች ታጣቂዎች ይዘምቱበታል። የንሳላ መንደር የደረሰበት ይኸው ነው። አባትየው ከልጁ የተረፈውን በቅጠል ጠቅልሎ ወደ ሚስዮኑ መጣ፤ አሊስ ሲሊ ሃሪስ የምትባል እንግሊዛዊት ሚስዮናዊት በረንዳው ላይ አስቀምጣ ፎቶ አነሣችው።

አሊስና ባለቤቷ ይህንንና ሌሎች ፎቶግራፎችን ይዘው ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ሄዱ። በየቤተ ክርስቲያኑና በየአዳራሹ ሕዝብ እየሰበሰቡ፣ ምስልን በፋኖስ ብርሃን አጉልቶ ግድግዳ ላይ በሚያሳይ መሣሪያ አሳዩ። አሜሪካ ውስጥ ብቻ በ49 ከተሞች ከ200 በላይ ስብሰባዎች አደረጉ። ምስሎቹ ተመልካቹን በእጅጉ አሳዘኑ።

ግን አድማጮቻችን፣ ሐዘኑ ብቻውን ንጉሡን ከኮንጎ አያስወጣውም ነበር። አንድ ፎቶግራፍ አንድ ታሪክ ነው፤ አንድን ታሪክ ደግሞ ማስተባበል አይከብድም። የሊዮፖልድ ሰዎችም በዚያው ዘመን እጁን ያጣ ሌላ ልጅ «የዱር አሳማ ነክሶት ነው» ብለው ተከራክረዋል። «የጥቂት ባለጌ ወታደሮች ጥፋት ነው» ማለትም ይቻላል። ይህን በር የዘጋው ፎቶግራፍ አንሺ ያልሆነ ሰው ነው።

ኤድመንድ ሞሬል ይባላል። በሊቨርፑል በሚገኘው የኤልደር ደምፕስተር የመርከብ ኩባንያ ጸሐፊ ነበር፤ ኩባንያው የኮንጎን ጭነት ያመላልሳል። ሞሬል አንትወርፕ ወደብ ላይ የጭነት መዝገቦችን ሲያመሳክር አንድ ነገር ከነከነው። ከኮንጎ የሚመጡት መርከቦች ጎማና የዝሆን ጥርስ ሞልተው ይራገፋሉ። ሲመለሱ የሚጭኑት ግን በአብዛኛው ጠመንጃ፣ ጥይትና ወታደር ነው። ንግድ ቢሆን ኖሮ በለውጡ የሚላከው ጨርቅ፣ ጨውና ዕቃ የት አለ? የጎማው ዋጋ ለማን ይከፈላል? መልሱን መዝገቡ ራሱ ተናገረ፤ ለማንም አይከፈልም፤ ጎማው በግዳጅ የሚለቀም ነው ማለት ነው። ሞሬል በ1901 ሥራውን ለቆ ሙሉ ጊዜውን ለዚህ ትግል ሰጠ፤ በ1904 ከብሪታንያው ቆንስል ከሮጀር ኬዝመንት ጋር ሆኖ የኮንጎ ለውጥ ማኅበርን አቋቋመ፤ የአሊስ ሃሪስንም ፎቶግራፎች አሳተመ።

ሥራ እንዴት እንደተከፋፈለ ልብ በሉ። ፎቶግራፉ ሰውን አስቆመው፤ ፊቱን እንዳያዞር ያዘው። ቁጥሩ ደግሞ የንሳላ ሐዘን የአንድ ክፉ ወታደር ሥራ አለመሆኑን፣ ከጥይቱ ላኪ እስከ ጎማው ተቀባይ የተዘረጋ አሠራር መኖሩን አሳየ። ማስረጃው በመርከብ ኩባንያው በራሱ መዝገብ የተጻፈ ስለነበር «አሳማ ነክሶት ነው» የሚል መልስ አይመልሰውም። በ1908 ሊዮፖልድ ኮንጎን ለቤልጅየም መንግሥት ለማስረከብ ተገደደ። ቅኝ አገዛዙ ቀጥሏል፤ የግዳጅ ሥራውም ባንድ ጀምበር አልጠፋም። የንጉሡ የግል ግዛት ግን አበቃ።

ይህ ታሪክ ለዛሬው ትምህርታችን መሠረት ነው። እኔ የማምነውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሥቃይን ብቻ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ምጽዋት ያስገኛል፤ ምጽዋትም ነፍስ ያድናልና አይናቅም። ለውጥ የሚመጣው ግን ከሥቃዩ ጋር መንስኤው ሲታይ ነው፤ መንስኤን ለማሳየት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ያስፈልጋል።

ታዲያ ቁጥር ብቻውን ሰውን የማያንቀሳቅሰው ለምንድን ነው? ይህን በሙከራ የመረመሩ ተመራማሪዎች አሉ። ዲቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎወንስታይንና ፖል ስሎቪክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ መጠይቅ ለሞሉ ተሳታፊዎች አምስት አምስት ዶላር ተከፈለና ከዚያ ላይ የፈለጉትን ያህል ለረድኤት እንዲሰጡ ተጠየቁ። ለአንዱ ቡድን የአንዲት የሰባት ዓመት ማሊያዊት ልጅ ፎቶና ታሪክ ቀረበለት። ለሁለተኛው የቀረበለት ቁጥር ብቻ ነው፤ በማላዊ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሕፃናት የምግብ እጥረት እንዳገኛቸው፣ በኢትዮጵያም ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አስቸኳይ የምግብ ርዳታ እንደሚሹ ተነገረው። ስለ ልጅቷ ያነበቡት በአማካይ 2 ዶላር ከ38 ሳንቲም ሰጡ። ስለ ሚሊዮኖቹ ያነበቡት 1 ዶላር ከ14 ሳንቲም። እኛ በዚያ ጥናት ውስጥ ሚሊዮኖቹ ነበርን።

ይበልጥ የሚያስገርመው ሦስተኛው ቡድን ነው። ልጅቷም ቁጥሩም አንድ ላይ ቀረቡለት። ሁለቱ ተደምረው የበለጠ ያስሰጣሉ ብሎ የሚገምት ይኖራል፤ የተሰጠው ግን 1 ዶላር ከ43 ሳንቲም ብቻ ሆነ። ቁጥሩ ሲገባ ስሜቱ በረደ። ሰው ስሌት ሲጀምር ርኅራኄው ወደ ኋላ ይላል፤ «የኔ ሁለት ዶላር ለ11 ሚሊዮን ሰው ምን ትጠቅማለች?» የሚል ተስፋ መቁረጥም ይመጣል።

ይህ ውጤት ከሞሬልና ከአሊስ ሃሪስ ታሪክ ጋር የሚጋጭ ሊመስላችሁ ይችላል። በእኔ አመለካከት አይጋጭም፤ የቁጥሩ ዓይነት ይለያያል። ለተጠኚዎቹ የቀረበው የብዛት ቁጥር ነው፤ ይከብዳል እንጂ የት እንደሚያደርስ አይነግርም። የሞሬል ቁጥር የመንስኤ ቁጥር ነው፤ ጣቱን ዘርግቶ «ይህ ሰው ይጠየቅ» ይላል። አድማጩም ለጥያቄው የሚሆን አድራሻ ያገኛል።

ፎቶግራፍም ቢሆን ጉልበቱ ዕድሜ አለው። በመስከረም 2015፣ ይህም በእኛ ነሐሴ 2007 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው፣ ቱርክ ውስጥ በባሕር ዳርቻ በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘ የአንድ ሶርያዊ ሕፃን ፎቶግራፍ ዓለምን አናወጠ። የስዊድን ቀይ መስቀል ለሶርያ ስደተኞች የሚያሰባስበው የዕለት ርዳታ በዚያ ሳምንት ከ50 እጥፍ በላይ ጨመረ። ጦርነቱ ግን የተጀመረው ከአራት ዓመት በፊት ነበር፤ የሟቾቹ ቁጥርም በየጊዜው ሲነገር ቆይቷል። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ የርዳታው ማዕበል ተመልሶ ወረደ። በየወሩ ለመስጠት የተመዘገቡት ግን አብዛኞቹ ቀጠሉ። ምስሉ በፈጠረው ስሜት ላይ ያለ አንድ ሰው ወዲያው የሚያደርገው ነገር ከተሰጠው ስሜቱ ሲበርድም ሥራው ይቀራል።

አሁን ወደ አሜሪካ እንለፍ። በ1900 የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ10 እስከ 15 ዓመት ከሆኑት ልጆች መካከል ወደ 1 ሚሊዮን 750 ሺህ የሚሆኑት በሥራ ላይ እንዳሉ መዘገበ። ብዙዎቹ በእርሻ፣ ሌሎቹ በጥጥ መፍተያ ፋብሪካዎች፣ በከሰል ማዕድንና በመስተዋት ፋብሪካዎች ነበሩ። ቁጥሩ ታትሞ ወጣ፤ ፋብሪካዎቹም እንደተለመደው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ብሔራዊ የሕፃናት ሥራ ኮሚቴ የተባለ ድርጅት በ1908 ሉዊስ ሃይን የተባለ መምህር በፎቶግራፍ አንሺነት ቀጠረ። የፋብሪካ ዘበኞች እንዳያስገቡት ስለሚከላከሉ ሃይን አንዳንዴ መጽሐፍ ቅዱስ ሻጭ፣ አንዳንዴ የኢንሹራንስ ወኪል፣ አንዳንዴም ማሽን ፎቶ የሚያነሣ ባለሙያ መስሎ ይገባ ነበር። የልጆቹን ቁመት በሰደርያው ቁልፎች ይለካል፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንደሚል አስቀድሞ ያውቀዋል። እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ማንም ሳያየው ማስታወሻ ይጽፋል።

ከፎቶግራፎቹ አንዱን ልንገራችሁ። ሰሜን ካሮላይና፣ ዊትኔል የጥጥ ፋብሪካ፣ 1908። ረጃጅም የፈትል ማሽኖች ተሰልፈዋል፤ በአጠገባቸው አንዲት ትንሽ ልጅ ቆማለች። ሃይን ከፎቶው ጋር የጻፈው ማስታወሻ ከምስሉ አያንስም። ቁመቷ 51 ኢንች፣ ማለትም ወደ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ነው። ፋብሪካው ከገባች አንድ ዓመት ሆኗታል። አንዳንዴ ሌሊትም ትሠራለች። የቀን ደመወዟ 48 ሳንቲም ነው። ዕድሜዋን ሲጠይቃት አመነታች፤ አላስታውስም አለችው፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ለሥራ እንዳልደረሰች፣ ግን እንደምትሠራ ነገረችው። ማስታወሻው የሚያበቃው በቁጥር ነው፤ በዚያ ፋብሪካ ከ50 ሠራተኞች መካከል ዐሥሩ እሷን የሚያክሉ ልጆች ናቸው።

ይህን ማስታወሻ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ሃይን ከአንዲት ልጅ ይነሣና ቁመቷን፣ ደመወዟንና ሰዓቷን ካሳወቀን በኋላ በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር በሩን ሰፋ አድርጎ ከፍቶ ዐሥር ልጆችን ያሳየናል። እሷን ካወቅናት በኋላ ስለሆነ ዐሥሩን በቁጥርነት ብቻ አናያቸውም። አንባቢው ቁጥሩን 1 ሚሊዮን 750 ሺህ ድረስ ተከትሎ ለመሄድ ዝግጁ ሆኗል። ማስታወሻው የሥራ ቦታውንም በስሙ ይጠራል፤ የተባለው ሐሰት ነው የሚል ቢኖር ሄዶ ማረጋገጥ ይችላል።

ውጤቱ ግን ቶሎ አልመጣም። በ1916 የሕፃናትን ጉልበት የሚገድብ የፌዴራል ሕግ ጸደቀ፤ በ1918 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ ሻረው። ዘላቂው ሕግ የወጣው በ1938 ነው። ሃይን ካሜራውን ይዞ ወደ ፋብሪካ ከገባ ሠላሳ ዓመት ሆኖት ነበር።

ወደ አገራችን እንምጣ፤ እዚህ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ብወስድ አትቀየሙኝ፤ በፎቶግራፎቹ ውስጥ ያለነው እኛው ነንና።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ይራብ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሄደው አይተው፣ ፎቶግራፍ አንሥተው በግቢያቸው አሳዩ፤ ተማሪዎችም ድምፃቸውን አሰሙ። መንግሥት ግን ነገሩ እንዳይሰማ መረጠ። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየና የውጭው ዓለም አወቀ። የአዲስ አበባ ሕዝብ በቴሌቪዥን ያየው ግን ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1967 ዓ.ም. የዐውደ ዓመት ዕለት፣ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ ምሽት ነው። ፊልሙ «ድብቁ ረሃብ» ተብሎ፣ ከቤተ መንግሥት የግብር ምስሎች ጋር ተቀናብሮ ቀረበ። የተራበ ሕፃን፣ ከዚያ ድግስ፤ የተራበች እናት፣ ከዚያ ድግስ። የሁለት ምስሎች መከታተል ያለ ተናጋሪ «ጥፋተኛው ይኸውና» ይላል። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት ሲወጡ ሕዝቡ ለምን እንዳልተከላከለላቸው ከሚገለጽባቸው ምክንያቶች አንዱ ያ ምሽት ነው።

ቅንብሩ እውነት ነበረው፤ ረሃቡ በእርግጥ ተደብቋል። ነገር ግን ድግስ ረሃብን አያመጣም። የወሎን ረሃብ መንስኤ በጥልቀት ካሳዩን አንዱ የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን ናቸው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ባሳተሙት ጥናት ቁጥሮችን መረመሩ። የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ሕዝብ እያለቀ እንኳ እምብዛም አልናረም ነበር፤ ከወሎ ወደ ሌላ አካባቢ የወጣ እህልም ነበር። እህሉ አለ፤ መግዣው ግን ከገበሬው እጅ ወጥቷል፤ ከብቱ አልቋል፣ አዝመራው ጠፍቷል፤ ገንዘብ የሌለው ሰው ደግሞ ገበያው አያውቀውም። ይህን የትኛው ካሜራ ሊያሳይ ይችላል? የገበያ ዋጋ መዝገብ ግን አሳየው።

ዐሥር ዓመት አለፈ። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አደጋ ላይ መሆኑን ለለጋሾች አሳወቀ። ለጋሾቹ ቁጥሩን ተጠራጠሩት፤ ደርግም በበኩሉ ለዐሥረኛው የአብዮት በዓል ይዘጋጅ ነበር። ቁጥሩ ሰባት ወር ያህል ሰሚ አጣ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸውና ማይክል በርክ ያቀረበው ዘገባ በቢቢሲ ታየ። ንጋት፣ ብርድ፣ በሜዳው ላይ በጋቢ ተጠቅልለው የተደረደሩ አስከሬኖች። በቀናት ውስጥ ዓለም ተንቀሳቀሰ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሐምሌ 1985 ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ የተካሄደው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት የዚያ ዘገባ ልጅ ነው።

ያ ርዳታ ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ ዛሬ በሕይወት ያሉ ወገኖቻችን ይመሰክራሉ። ሆኖም ተመልካቹ ያየው ሰማይንና የተሰነጠቀ መሬትን ነው። ጦርነቱን አላየም። በጦርነቱ ምክንያት የተዘጋውን መንገድና የተበተነውን ገበያ፣ ገበሬው በመንግሥት ተመን እንዲሸጥ የተገደደውን እህል አላየም። ስለዚህ ብዙው ሰው ሰጠ፤ «ይህን ያደረገው ማን ነው?» ብሎ የጠየቀው ግን ጥቂት ነበር። ለእኛም ሌላ ዕዳ ተረፈን። በውጭ ያደጉ ልጆቻችን ስለ አገራቸው ሲናገሩ ከሚሰሙት የመጀመሪያ ቃል አንዱ «ረሃብ» ሆኖ ስንት ዘመን ቆየ? በኮረም ምስል ውስጥ ያሉት ሰዎች ከዚያ ቀን በፊት ገበሬ፣ ካህን፣ ሸማኔ፣ የቤት እመቤት ነበሩ። ምስሉ ይህን ሳይነግር ቀርቷል። ንሳላ ግን በስሙ ይታወቃል።

አንድ የሚያበረታ የቁጥር አጠቃቀም ላንሣ። የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት የምንሠራ ሰዎች «ከ3 ሴቶች 2ቱ ተገርዘዋል» ብለን ብቻ ብንነግራችሁ ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ «ሁሉም ያደርገዋል» ብሎ ለሚያስብ ወላጅ ግን ማጽናኛ ሊሆንም ይችላል። የኢትዮጵያን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ተከታታይ ውጤቶች አስቀምጡና ስሙት። ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ከመቶ 80፣ በ2005 ከመቶ 74፣ በ2016 ከመቶ 65። አሁን ቁጥሩ እየተጓዘ ነው። የሰማው ወላጅ ጎረቤቱ እየተወው መሆኑን ያውቃል። ተስፋ የሚሰጥ ቁጥር እንዲህ ከቀዳሚው ጋር ተቀምጦ የሚነገር ቁጥር ነው።

ጥንቃቄም አለ። በ1936 የአሜሪካ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ አርተር ሮትስታይን ደቡብ ዳኮታ ውስጥ የላም የራስ ቅል በተሰነጠቀ መሬት ላይ አነሣ፤ ቅሉን ጥቂት ሜትር አንቀሳቅሶ ደግሞም አነሣው። ድርቁ እውነት ነበር። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ተቃዋሚዎች ግን ቅሉ መንቀሳቀሱን ሲደርሱበት ጋዜጦቻቸው የድርቁን ዘገባ ሁሉ ማጭበርበር አስመሰሉት። ለእውነተኛ ጉዳይ የምትሠሩ ሰዎች፣ ከሌላ አገርና ከሌላ ዓመት የመጣ ምስል በስልካችሁ ሲደርሳችሁ «ዓላማው ጥሩ ነው» ብላችሁ አታስተላልፉ፤ በማግስቱ እውነተኛውን ስታቀርቡ የሚያምናችሁ ታጣላችሁ።

በመጨረሻ ለትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ክበባት የምንተወው ሥራ አለ። በትምህርት ቤታችሁ ወይም በቀበሌያችሁ ሊለወጥ የሚገባውን አንድ ጉዳይ ምረጡ፤ የውኃ ቧንቧ ሊሆን ይችላል፣ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ሊሆን ይችላል። ሦስት ሳምንት በእጃችሁ ቁጠሩ፤ ስንት ቀን ውኃ ጠፋ? በጠፋበት ቀን ከትምህርት የቀሩት ስንት ናቸው? በነበረበት ቀንስ? ከዚያ አንድ ፎቶግራፍ አንሡ። የምታነሡትን ሰው አስፈቅዱ፤ ልጅ ከሆነ ወላጁንም፤ የት እንደሚለጠፍም ንገሩት፤ ካልፈለገ ባዶውን ቧንቧና የተደረደረውን ጄሪካን አንሡ። ከፎቶው ሥር እንደ ሉዊስ ሃይን ቦታውን፣ ቀኑን፣ የለካችሁትን፣ እንዲህ ያለው ከስንት ስንቱ እንደሆነ ጻፉ። ከዚያም ቧንቧውን የማስጠገን ኃላፊነት ያለበትን መሥሪያ ቤት ስም አክሉና፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት አንዱን ቅጂ ለዚያው መሥሪያ ቤት አድርሱ።